እግር ካርታ አይደለም

የእናቴ ቀኝ እግር ሦስት ጣት ነው ያለው። ድሮ አምስት ነበር። የሁለቱን ታሪክ ልንገራችሁ፤ በነገሩ የእኔም እጅ አለበት።

እናቴ የምትኖረው ጎባ ነው። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሚኒባስ ከያዛችሁ ወሬያችሁን ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ከጎባ በላይ ያለው መንገድ ወደ ሳነቴ ነው የሚወጣው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር አልፎ። ብርዱን የማታውቁት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጎባ ውስጥ ሌሊት እግሩን ከብርድ ልብስ ውጭ አውጥቶ የሚተኛ ሰው ካያችሁ፣ ያ ሰው ታሟል።

እማዬ እንደዚያ መተኛት ጀመረች። «እግሬን እሳት እሳት ይለኛል» አለችኝ በስልክ። «ደሞ አንዳንዴ ስራመድ ጥጥ የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ።» የመጀመሪያውን ሰማሁ፤ ሁለተኛውን አላስተዋልኩትም። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። የእግር ማሳጅ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ሲመላለስ ከርሟል፤ ሮቤ ውስጥ አንድ ቤት መከፈቱንም ከሰው ሰምቻለሁ። በቴሌብር የአሥር ቀን ሒሳብ ላኩላት። ብሩ ሲገባላት መረቀችኝ፤ እኔም እንደ ጥሩ ልጅ ተኛሁ።

ቤቱ ግድግዳ ላይ የሁለት እግር መርገጫ ሥዕል ተለጥፏል። አውራ ጣት ቢጫ፣ ከሱ በታች አረንጓዴ፣ መሐሉ ቀይ። አውራ ጣት ራስ ነው፣ ከጣቶቹ ሥር ሳንባ ነው፣ መሐል ላይ ጨጓራና ኩላሊት፣ ተረከዝ ጋ ወገብ። ልጅቷ ትሁት ናት፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትወዳታለች። እግሯን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ፣ ዘይት ቀብታ፣ በአውራ ጣቷ መጫን ጀመረች።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ያምዎታል?»

«ኧረ በጣም።»

«ኩላሊትዎ ነው። እዚህ ጋስ?»

«ምንም አይሰማኝም።»

«አዩ፣ ጉበትዎ ሰላም ነው።»

ይችን ንግግር እማዬ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ትርጉሙን በኋላ ሳውቅ ሌሊት ከእንቅልፌ ያባንነኝ ጀመር። እግሯ መሐል ላይ ሲጫኗት ምንም አለመሰማቷ የጉበት ደኅንነት ምልክት አልነበረም። ነርቩ እየሞተ ነበር። እናቴ ስኳር ነበረባት፤ ማንም አላወቀም። ስሜት የሌለው እግር፣ ካርታው ላይ «ጤነኛ» ተብሎ ተነበበ።

በሰባተኛው ቀን ትንሿ ጣቷ ሥር ቁስል ተገኘ። ጠጠር ይሁን የጫማ ስፌት አይታወቅም፤ አልተሰማትማ። ልጅቷ ቁስሉን አይታ «መርዙ እየወጣልዎት ነው» አለቻት። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ጣቱ ጠቁሯል። ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ የተደረገው ጣቷን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም መውሰድ ነበር። ከ400 በላይ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝረውም። ሁለት ጣት ሄደ።

እንግዲህ ጠቤ ከማን ጋር ነው? ከማሸት ጋር አይደለም። ከልጅቷም ጋር ብዙ አይደለም። ጠቤ ከግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ጋር ነው። ካርታው እግርን እንዳናይ ያደርገናል። ኩላሊት ፍለጋ፣ ጉበት ፍለጋ፣ «የጭንቀት ነጥብ» ፍለጋ ስንሄድ እጃችን ላይ ያለውን እግር እንዘለዋለን።

«የ5,000 ዓመት የቻይና ጥበብ ነው» ይሏችኋል። አይደለም። ቻይናዎች በጣት እየተጫኑ የማከም ጥንታዊ ልማድ አላቸው፤ አኩፕሬዠር የሚባለው እሱ ነው፤ ከመርፌው ሕክምና ከአኩፓንክቸር ጋር የአንድ ቤት ልጅ። ባለቀለሙ የእግር ካርታ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውጤት ነው። ዊልያም ፊትዝጄራልድ የሚባል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ዞን ከፋፈለና እ.ኤ.አ. በ1917 ከኤድዊን ባወርስ ጋር መጽሐፍ አሳተመ። ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ በ1930ዎቹ ሐሳቡን ጠቅልላ እግር ላይ አወረደችው፤ መጽሐፏ በ1938 ወጣ። ሪፍሌክሶሎጂ የምንለው ይኸው ነው። ካርታው በዕድሜ የአያቴ እኩያ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። በቻይናው አቆጣጠር የጉበት መስመር የሚነሳው ከእግር አውራ ጣት ነው። በአሜሪካው ካርታ አውራ ጣት ራስ ነው፤ ጉበት ያለው ቀኝ እግር መርገጫ ላይ ነው። ጉበታችን አንድ፣ አድራሻው ሁለት! የሮቤው ቤት ግን «አኩፕሬዠር» እና «ሪፍሌክሶሎጂ» የሚሉትን ቃላት አንድ ታፔላ ላይ ደርድሮ ጽፏቸዋል። ይሄ በአማርኛ ስም አለው፤ እጅና እግር የሌለው ነገር ይባላል።

«የንድፈ ሐሳቡ ጉዳይ ምን አገባን፣ ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው» የሚል ካለ እስማማለሁ። ይሠራ እንደሆነ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አንድ ጥናት 18 ሰዎች ተመረጡ። ከ6 የተለዩ ሕመሞች አንዱ ወይም ከዚያ በላይ እንዳለባቸው ከሕክምና መዝገባቸው ይታወቃል። ሁለት የሪፍሌክሶሎጂ ባለሙያዎች ስለ ታማሚዎቹ ምንም ሳይነገራቸው እግራቸውን ብቻ እየመረመሩ የትኛው ሕመም እንዳለባቸው እንዲገምቱ ተደረገ። ያለበትን ከሌለበት መለየት አልቻሉም። የባሰው ደግሞ፣ ያንኑ አንድ እግር እያዩ እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። በ2009 ደግሞ አማራጭ ሕክምናዎችን በመመርመር የሚታወቀው ፕሮፌሰር ኤድዛርድ ኤርንስት 18 በቁጥጥር የተካሄዱ ሙከራዎችን ሰብስቦ አየ። መደምደሚያው፦ ሪፍሌክሶሎጂ የትኛውንም በሽታ እንደሚያክም አሳማኝ ማስረጃ የለም።

ከካርታው ጎን የምትሸጠዋን ማሽንም ላንሳት። እግራችሁን የጨው ውሃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ውሃው ቡናማ ይሆናል። «መርዙን አዩት?» ትባላላችሁ። ያያችሁት ዝገት ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ብረት በጨው ውሃና በኤሌክትሪክ ሲበላ ውሃውን ያጠቁረዋል። ካላመናችሁ እግራችሁን ሳታስገቡ አብሩት በሏቸው። ባዶው ውሃም «መርዝ» ያወጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩትን ብቻ ይዤ ብሄድ ቀልደኛ የሆንኩ እንጂ እውነተኛ የሆንኩ አይመስለኝም።

እማዬ እዚያ ቤት ስትሄድ ደስ ይላት ነበር። በእነዚያ አሥር ቀናት በስልክ ድምጿ ተለውጦ ነበር። እንቅልፍ ተኛሁ ትለኛለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ «ልቤን ይጨንቀኛል» የምትለው ነገር ቀለል ብሏት ነበር። ውሸት ነበር? አልነበረም። መታሸት ሰውነትን ያዝናናል፤ ጭንቀትንና ሕመምን ለጊዜው እንደሚያቀልም ብዙ ጥናት ይደግፈዋል። ለዚያ ካርታ አያስፈልገውም። የሞቀ ፎጣ፣ የሰው እጅ፣ ግማሽ ሰዓት ጸጥታ፣ «እማማ እንዴት አደሩ» የሚል ድምፅ ይበቃል።

እንዲያውም ልብ በሉ። እናቴ ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ ድካም አለብኝ ብላ። ሁለቴም የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎላት ተመለሰች። ጫማሽን አውልቂ ያላት የለም። እኔ ልጇ ስንት በዓል ጎባ ሄጃለሁ፤ እግሯን አይቼው አላውቅም። በዚያ ዓመት እናቴን ካልሲዋን ያስወለቀቻት ያቺ የማሳጅ ቤት ልጅ ብቻ ናት። የተማረው ሁሉ «ጥንቆላ ነው» እያለ ሲስቅባቸው የምናደደው ለዚህ ነው። ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሌላ የሚነካው ሰው ስላጣ ነው።

መነካት ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ልጅ ሆኜ እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ እግር የማጠብ ሥራ የእኔ ነበር። ውሃ ትሞቃለች፣ ጨው ጣል ይደረግባታል፣ እንግዳው «ተው ልጄ» እያለ ይግደረደራል፣ እኔ እጎነበሳለሁ። የሰውን እግር ከቅርብ ያየሁት ያኔ ነው፤ የተሰነጠቀውን ተረከዝ፣ የእሾኹን ጠባሳ፣ የጣቱን እብጠት። በጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ እግራቸውን በውሃ ይነካሉ። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሄደው ተሳላሚ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ መንገድ ላይ ያስጠጋው ሰው መጀመሪያ የሚያቀርብለት ውሃ ነው። የባሌ ሰው ሃይማኖቱ ቢለያይም እግር ላይ ይገናኛል።

ወጌሻም ነበረን፤ አሁንም አለን። ወለምታ ሲያጋጥም የሚያሹት አዛውንት «ይሄ ጨጓራህ ነው» ብለውኝ አያውቁም። ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ስለ ቁርጭምጭሚቴ ነበር የሚያወሩት። እርግጥ ወጌሻም ያጠፋል፤ ስብራትን አጥብቆ አስሮ እጅ ያሳጣ አለ። ግን ቢያንስ እግርን እንደ እግር ያየዋል። ስለዚህ «ባህላችንን ናቅክ» የምትሉኝ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ እየተከራከርኩ ያለሁት ለባህላችን ነው። ከኢንግሃም ካርታ የእናቴ የጨው ውሃ ይቀድማል።

እግር አይናገርም አላልኩም። ይናገራል፤ ብዙ ይናገራል። ሐኪሞች እግር የሚያነቡበት መንገድ አላቸው፤ ማሽን እንኳ አይፈልግም። ያበጠ እግር ላይ አውራ ጣት ተጭነው ሲያነሱት ጉድጓዱ ከቀረ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ጉበትን መመርመር እንዳለባቸው ያውቃሉ። የእግር ጀርባ ላይ የደም ሥር ትርታ ይፈልጋሉ። ቀጭን የናይለን ክርም አለቻቸው፤ ቆዳ ላይ ስትጫን እስክትታጠፍ 10 ግራም ብቻ የምትከብድ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ክሯ መርገጫው ላይ እዚህም እዚያም ትነካለች፣ «ተሰማኝ» ወይም ዝም። ዝም ያለበት ቦታ ነው አደጋው ያለው። ልጅቷ እናቴን ስትጫናት ያደረገችው ምርመራ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል፤ መልሱንም አግኝታዋለች። ካርታው ግን መልሱን ገልብጦ አነበበላት።

እኛ ደገኞች ደግሞ እግርን ችላ የማለት መብት የለንም። እንደ ባሌ ያሉ ደጋዎቻችን ከእሳተ ገሞራ አለት የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ አለት የሚገኘው ቀይ የሸክላ አፈር ደግሞ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ በቆዳ ገብቶ የእግርን የሊምፍ መስመር ይጎዳል። ብዙዎቻችን ዝሆኔ የምንለው፣ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው እብጠት ይመጣል። ትንኝ አያመጣውም፣ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን በ1970ዎቹና 80ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ያስረዳው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። ትዳር የተከለከሉ፣ ከትምህርት ቤት የቀሩ፣ ከጎረቤት ቡና የተገለሉ ሰዎች ናቸው።

መፍትሔውስ? በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ለግማሾቹ ወዲያው የተሰጠው ነገር ይኸው ነው፦ እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። እግርን እያሳበጠና እያተኮሰ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው የሕመም ግርሻ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰላቸው። የምሥጢር ነጥብ የለውም። ውሃና ሳሙና ነው። ለዚህ ማንም ቪዲዮ አይሠራም፤ ማንም ታፔላ አይሰቅልም።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ ጥቂት ናቸው።

ለማሳጅ ቤቶች፦ ሥራችሁን አትዝጉ፤ ካርታውን አውርዱ። «አዝናናችኋለሁ» በሉ፣ ሐቀኛ ዋጋ ጠይቁ። ኩላሊትና ጉበት የምትለውን አፍ ግን ዝጉ። ከመጫናችሁ በፊት እግሩን እዩ፤ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር። ቁስል ካለ፣ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ፣ አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ የሚያም ከሆነ አትንኩት፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ማሸቱ ራሱ ይገድላል። ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን እያመማት ፊቷና እጇ ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ታያት። «ሐኪም ጋ ይሂዱ» ብሎ ብር መመለስ ደንበኛ አያሳጣም፤ ያስከብራል።

ለሐኪሞችና ለነርሶች፦ ጫማ አስወልቁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ነው። እናንተ ያላያችሁትን እግር ሌላ ሰው ያየዋል፤ በራሱ ካርታ።

እና ለእኛ፣ ብር ልከን ለምንተኛው ልጆች። ስኳር ያለበት፣ ወይም እግሩ የሚያቃጥለውና የሚደነዝዘው ወላጅ ካላችሁ፣ እነዚህን ያዙ። መጀመሪያ የደም ስኳሩን አስለኩ። እግሩ በየቀኑ ይታይ፤ ለውዱእም ይሁን ለማታ መታጠብ ውሃ ሲነካው አብሮ ዓይን ይንካው፤ ከዚያ በጣቶቹ መሐል ይድረቅ። ውሃው መሞቁ በእግር አይለካ፣ በክርን ይለካ። በሮቤና በጎባ ብርድ እግርን ወደ ከሰል ምድጃ ማስጠጋት ልማዳችን ነው፤ የደነዘዘ እግር ግን ሲቃጠል አይናገርም። ተረከዝን በምላጭ መላጥ ይቅር። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር መሄድ ይቅር። ጫማ ከመግባቱ በፊት በእጅ ተዳብሶ ይራገፍ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እናቴ ግን አልደበቀችም። በስልክ ነግራኛለች፤ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል ብላኛለች። የሰማኋት እኔ ነኝ፤ ያላየሁት እኔ ነኝ። እግሯን ለማየት የሚወስደኝን አንድ ቀን መንገድ በቴሌብር ተካሁት።

አሁን በየማታው በቪዲዮ እደውላለሁ። የሰፈር ልጅ ስልኩን ይይዝላታል፣ እሷ ካልሲዋን ታወልቃለች፣ የስልኩ መብራት ሦስቱ ጣቶች መሐል ይገባል። «አንተ ልጅ፣ ፊቴን ትተህ እግሬን ነው የምትጠይቀው» ትለኛለች። ልክ ናት። ፊቷን ቀጥሎ እጠይቃለሁ። በበዓል ስሄድ ደግሞ የጨው ውሃውን ትቼ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥብላታለሁ፤ አደርቅላታለሁ፤ ከዚያ ቀስ አድርጌ አሽላታለሁ። የትኛው ቦታ ኩላሊት እንደሆነ አልጠይቅም። እግር ነው።